«እርጥብ ገመድ» የተባለው ማሳ

ቀያሹ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት አልፏል። ዛሬም ግን ከቤት ሲወጡ በሩ ኋላ የተሰቀለውን አሮጌ የመለኪያ ገመድ በመዳፋቸው ጨበጥ አድርገው ይለቁታል።

«እንዴት አደረ?» ትላለች ሚስታቸው።

«ደረቅ ነው፣ ተመስገን።»

ያን ቀን የእህታቸው ልጅ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዋ፣ ቅጽ ይዛ መጣች። አዲሱ ካርታ ሰኞ ይታተማል፤ የስሙ ምክንያት ያልተጻፈለት ማሳ በቁጥር ብቻ ይወጣል።

«አጎቴ፣ ‹እርጥብ ገመድ› ብቻ ቀረኝ። ሰዉን ስጠይቅ ይስቃል እንጂ አይነግረኝም።»

«እኔን ላለማሳፈር ነዋ! ጻፊ የኔ ልጅ። የዚያችን ደግ ሴት ማሳማ ቁጥር አይበላውም።»

ሥራ በጀመሩ በዓመቱ ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት የአንዲት ልብስ ሰፊ መሬት ለኩ፤ አምስት ገመድ ቆጥረው የወሰኑን ድንጋይ ተከሉ። ገመዱ በሦስተኛው ቀን ሲደርቅ ረዘመ። ለካስ ርሶ ተኮማትሮ ኖሯል! የሴትዮዋ ሦስት እርምጃ መሬት ለጎረቤቷ ለባለወፍጮው ሄዷል።

ቢናገሩ ከሥራ ይባረራሉ፤ ቤት ደግሞ የአርባ ቀን አራስ አለች። እንቅልፍ አጥተው ከረሙና በመጨረሻ በሯን አንኳኩ።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» ብለው ሁሉንም ነገሯት።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች። «ገመድም ብርድ ይመታዋል እንዴ? አንተ ልጅ፣ መሬቱ የትም አይሄድ። አለቃህ ጋ ሄደህ እንዳትለፈልፍ!»

ባለወፍጮውን ጠርታ አስማማችው፤ ሦስቱ ሆነው ድንጋዩን አዛወሩት። ባለወፍጮው ግን ቀልድ አያሳልፍምና ማሳውን በዚያው «እርጥብ ገመድ» አለው፤ አገሩም ተቀበለው። ቀያሹ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ በክብር ወጡ።

«የበላሁት እንጀራ ሁሉ የሷ ነው» አሉ። «ነፍሷን ይማር። ጥፋቱ የኔ መሆኑንም ጻፊው፣ ደግነቷ እንዲታይ።»

ጸሐፊዋ ጽፋ ስትጨርስ እጇን ያዙ።

«አንዷን ነገር ግን ሆድ ይፍጃት። ልጆቿ ከሰሙ ነገውኑ ዶማ ይዘው ይወጣሉ።»

ድንጋዩን ሲያዛውሩ ሁለት እርምጃ እንደሄዱ የባለወፍጮው ፊት ጠቆር አለ። ሴትዮዋ አየችውና «በቃ፣ እዚህ ጋ ትከሉት» አለች፤ ሦስተኛውን እርምጃ ተወችለት።