የሰውዬው ብስክሌት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ብስክሌቱን የሳለው ማን ነው ብለው በጠየቁኝ ቁጥር «አንድ ሰውዬ ነው» ያልኩት ለምን ነበር? የመልሱን ግማሽ አውቀዋለሁ። ሌላውን ግማሽ ዛሬም አላውቀውም።

የማውቀው ግማሽ ይኸ ነው። እኛ ዘንድ ሠሪው ፊት ቆሞ የሥራውን ጉድለት የሚናገር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ወጡ ጨው ቢበዛበትም «እጅሽ ይባረክ» ይባላል። በሩ አልዘጋ ቢልም «ቆንጆ ነው፣ ትንሽ ብቻ ያዝ ያደርገዋል» ይባላል። እኔ ደግሞ ጉድለቱን ለመስማት ነበር የፈለግሁት።

የምሠራው ገላን፣ ኦቦ ቶለሳ በሚባሉ ሰው የብረታ ብረት ቤት ነው። በርና መስኮት፣ አጥርና ደረጃ በልኬት እየሳልኩ ለበያጆቹ እሰጣለሁ። ትምህርት ዘግይቶ ነው የደረሰኝ፤ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና የወሰድኩት በሃያ ስምንት ዓመቴ፣ የስዕል ሙያ የተማርኩት ደግሞ ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ከማስመሬ በፊት ሦስት ጊዜ እለካለሁ።

ከግቢያችን ማዶ ባለው ባዶ ቦታ ወጣቶች በብስክሌት ድንጋይ ላይ ይዘላሉ። ትራያል ይሉታል። የፍጥነት ውድድር አይደለም፤ እግር መሬት ሳይነካ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ መሻገር ነው። ነጂው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለሚቆም ብስክሌቱ ኮርቻ እንኳ የለውም። ፍሬማቸው ሲሰበር እኛ ጋ ለብየዳ ያመጡታል፤ የሚሰበረውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ። አንድ ቀን «ይህ ቱቦ ጭራሽ ባይኖርስ?» ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ከመሪው ተነስተው ሳይታጠፉ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄዱ፣ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ሳልኩ። ፔዳሉን ከእነሱ ሥር በላሜራ አንጠለጠልኩት።

ስዕሉን ለኦቦ ቶለሳ ስሰጥ «አንድ ደንበኛ ነው ያመጣው» አልኩ። በራሳቸው እጅ በየዱት። ሲጨርሱ ራቅ ብለው አዩትና እንዲህ አሉኝ፦ «የሁለተኛውን ብስክሌት ቱቦ የምቆርጠው ነጂዎች ምን እንዳሉ ሰምቼ ነው። ያን ጊዜም የሳለው ሰው እዚሁ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ይነግረኛል። ካልመጣ ግን ይቺን አንዷንም ፈትቼ ለመስኮት አደርጋታለሁ።»

የገላን ልጆች ስለሚያውቁኝ ከማመስገን ሌላ ምንም አይሉኝም ነበር። ስለዚህ ከእነሱ የሦስት ነጂዎች ስልክ ተቀብዬ፣ ደብተሬን ይዤ፣ ማንም ወደማያውቀኝ ቦታ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከገላን ወደ ሰበታ

ቃሊቲ ላይ የሚኒባሱ ረዳት ብስክሌቱን አገላብጦ አየው።

«እህቴ፣ መቀመጫው የት ሄደ?»

«የለውም።»

«ተሰረቀ?»

«ሲሠራም አልነበረውም።»

«እንግዲያው እንደኛ ነዋ፤ ቆሞ የሚሄድ ይጭናል» አለና ጣሪያው ላይ አሰረው። የአንድ ተሳፋሪ ሂሳብም ተቀበለለት።

በጀሞ በኩል ወጥተን ዓለም ገናን ስናልፍ ከባድ መኪኖች በሁለት ረድፍ ቆመው መንገዱን ዘግተውት ነበር። ሾፌራችን በጠጠሩ ዳር እየተንገጫገጨ አለፋቸው። እኔ የምሰማው ከጣሪያው የሚመጣውን ድምፅ ብቻ ነበር።

ሰበታ የጠበቀኝ ታረቀኝ ይባላል። ከወላይታ መጥቶ ክር ፋብሪካ የሚሠራ፣ ረጅም ወጣት ነው። እሑድ የቸርች ቀኑ ስለሆነ የሚጋልበው ቅዳሜ ብቻ ነው። ደብተሬን ሲያይ ወዲያው «ቲቸር» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ስሜን የጠየቀኝ የለም።

«ቲቸር፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ብስክሌት ናት።»

«እኔ እኮ መሰላል መስላኝ፣ ጣሪያ ልትሠሪልን የመጣሽ ነው ያልኩት።»

ወደ አንድ ያልተጨረሰ ግንባታ ወሰደኝ። ለፍሳሽ የተዘጋጁ የሲሚንቶ ቀለበቶች ተጋድመዋል። ታረቀኝ ሁለት ጊዜ ነጠረና በኋለኛው ጎማ ተወርውሮ አንዱ ቀለበት ላይ ቆመ። ቁልቁል ሲወርድ የብስክሌቱ ሆድ ጠርዙን ሳይነካ አለፈ።

«የኔዋ ብትሆን እዚህ ጋ ትጮህ ነበር» አለ። «ይቺ ሆድ የላትም።»

በደብተሬ ጻፍኩት። ደስ ብሎኛል፤ ግን ፊቴን አላስነበብኩም። እሱ ግን ሱሪውን እያሻሸ ትንሽ አመነታ።

«ሰውዬው ዘመድሽ ነው?»

«አይደለም።»

«በደንብ አታውቂውም?»

«በሥራ ብቻ።»

«እንግዲያው ልንገርሽ» አለና ሱሪውን ሰበሰበ። ሁለቱም ባቶቹ ከውስጥ በኩል ቀልተዋል። «ቱቦዎቹ ተራራቁ። በዘለልኩ ቁጥር ባቴን ይቀጠቅጡኛል። ጎበዝ ነው ሰውዬው፣ አልዋሽም። ግን ብስክሌት ላይ ቆሞ አያውቅም።»

እውነቱን ነው። ቆሜ ቀርቶ ተቀምጬም ነድቼ አላውቅም።

ምሳችንን ሽሮ በላን። ታረቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ ለምግቡ ረጅም ጸሎት አደረሰ፤ እኔ አስቀድሜ የቆረስኩትን እንጀራ ይዤ «አሜን» እስኪል ጠበቅሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወደ ቡራዩ

ከሰበታ አየር ጤና፣ ከዚያ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አስኮ። ሦስት ሚኒባስ ቀየርኩ። ሁለተኛው ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። የቱቦዎቹን ርቀት ስወስን ቢሮዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በሁለቱ እግሮቼ መካከል ማስመሪያ አስገብቼ ነበር የለካሁት። ሰው ሲቀመጥ ጉልበቱ ይከፈታል፤ ሲቆምና ሲዘል ይገጥማል። ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስቱም አንድ ዓይነት ቁጥር መጣልኝ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ የተቀመጠ ሰው ቁጥር ነው። ወንበር ለሌለው ብስክሌት።

ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ፈቀቅ ብለው ቦርሳቸውን አቀፉ።

ቡራዩ ላይ ሙኒር የብስክሌት ዕቃ ይሸጣል። ሱቁ የአባቱ ነው፤ እሱ ጉልበቱን እስኪጎዳ ድረስ በድንጋይ መፍለጫው አካባቢ ሲጋልብ የኖረ ሰው ነው። ሳምቡሳና ሻይ አስመጣልኝና፣ በአማርኛ እኔን፣ በኦሮምኛ ደንበኞቹን እያስተናገደ ብስክሌቱን መረመረ። አልወጣበትም። በአንድ እጁ አነሳው፣ ብየዳውን በጥፍሩ ዳሰሰው፣ በመጨረሻ ፍሬኑን ይዞ ፔዳሉን በእግሩ ገፋ።

«እዪ እዚህ ጋ። ይጫወታል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፔዳሉን የያዘው ላሜራ ሲገፋ በጣም በትንሹ ይጣመማል።

«ከባድ ሰው ሲቆምበት ካቴናው ይወልቃል» አለ። «የሳለው ሰውዬ ላሜራውን ለምን አሳሳው?»

ለምን እንደሳሳ አውቃለሁ። እንዲቀልል ብዬ ነው፤ ደግሞ በዕለቱ ግቢያችን የነበረው እሱ ውፍረት ብቻ ነበር። ይህን ብነግረው ሁለታችንም አንድ ሰዓት የምናወራው ነገር እናገኝ ነበር። እኔ ግን «ብስክሌት ስለማይነዳ አላሰበው ይሆናል፤ እጠይቀዋለሁ» አልኩ።

«ስልኩን ስጪኝ፣ እኔው ልጠይቀው።»

«ስልክ አይወድም።»

ሙኒር ሻዩን አስቀመጠ። «ብስክሌት አይነዳም፣ ስልክ አይወድም። ምንድን ነው የሚወደው?»

«መለካት።»

«አላህ ይርዳው» አለ፤ እኔም ይህን ጻፍኩ።

ስወጣ አንድ ደንበኛ ብስክሌቱን እያሳየ በኦሮምኛ ጠየቀው። ሙኒር «ባሬዳዳ» ሲል ሰማሁ። ቆንጆ ነው ማለቱ ነበር፤ እኔ የምሰማው ግን አልመሰለውም። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያመንኩት ይህን ምስጋና ነው። የማታ ትምህርት ጓደኛዬ ቤት አደርኩ።

እሑድ ጠዋት፣ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ አናት ስንወጣ የመስኮቱን መስታወት ጭጋግ ሸፈነው። ማዶ ስንወርድ ሜዳው ተዘረጋ፤ የድርቆሽ ክምር፣ በመንገዱ ዳር የሚሮጡ ሯጮች፣ ጆሮ የሚቆርጥ ብርድ። አንድ ትንሽ ቤት እርጎና ትኩስ ዳቦ ቁርስ አደረግሁ። እንዲህ ያለ እርጎ ገላን የለም።

ሦስተኛዋ ነጂ ሌሊሴ «አካም ቡልቴ፣ እንደምን አደርሽ» ብላ እጄን ያዘችና ያለ ብዙ ወሬ ወደ ተዳፋቱ መራችኝ። የውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ እዚያ አለቶች ላይ ከሁለት ጎረምሶች ጋር ትለማመዳለች። ጎረምሶቹ ረጃጅም፣ እሷ አጭር ናት። መጀመሪያ እነሱ ወጡበት። ገና ከመዝለላቸው ባታቸውን እያሹ ተመለሱ።

«ብስክሌት አይደለም፣ ቅጣት ነው» አለ አንዱ።

«አንተ ከሆንክማ አልጋም ይቀጣሃል፤ ስጪኝ እስቲ» አለችና ወሰደችው።

ለጥቂት ጊዜ ቦታው ላይ እየነጠረች ለመደችው። ከዚያ ዝቅተኛውን አለት፣ ቀጥሎ መካከለኛውን ወጣች። ሦስተኛው ላይ ቦታው ጠባብ ነበር፤ የፊት ጎማውን አንስታ፣ ሁለቱን ቱቦዎች በጉልበቷ ጨምቃ ይዛ፣ በኋላ ጎማ ብቻ ዞረች። ጎረምሶቹ መሳቃቸውን አቆሙ። እኔ እስክሪብቶዬን መክፈት ረሳሁ።

ወርዳ አጠገቤ መጣች። ታለከልካለች።

«ሰውዬው አጭር ነው» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«እነሱን ባታቸውን ይመታቸዋል። እኔን ግን ከጉልበቴ ሥር፣ እግሬ ከሚቀጥንበት ነው የሚያልፈው። እንዲያውም በእሱ ይዤ ነው የዞርኩት፤ የድሮዋ ብስክሌቴ ይህን አታደርግም። ይሄ ሰው የራሱን እግር ነው የለካው።»

 ትከሻዬን አየች፣ ከዚያ የራሷን። እኩል ነን።

«ቁመትሽ ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ከሃምሳ ሁለት ተኩል።»

«ተኩሏንም ሳትተዪ» አለችና ፈገግ አለች። ሌላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ እዚያው እነግራት ነበር፤ ጨዋ ልጅ ስለሆነች ተወችው።

«ውጪበት» አለች ቀጥላ።

«አልችልም።»

«ንጂ ማን አለሽ? ቁሚ ብቻ።»

መሪውን ያዘችልኝ፤ ከጎረምሶቹ አንዱ የኋላውን ጎማ በእግሮቹ መካከል አጥብቆ ያዘ። ቀሚሴን ሰብስቤ በሁለቱም ፔዳሎች ላይ ቆምኩ። አሥር እስኪቆጠር ያህል ቢሆን ነው። ቱቦዎቹ እሷ እንዳለችው ከጉልበቴ ሥር አለፉ። ወንበር ላይ ሆኜ ያላየሁትን ሁሉ ያን ጊዜ በእግሬ አወቅሁት፤ ክብደቴ የት እንደሚያርፍ፣ ላሜራው የት ጋ እንደሚጨነቅ፣ ረጅም ሰው ለምን እንደሚመታ።

«ለሰውዬው ንገሪው» አለች ሌሊሴ ስንለያይ። «ለረጃጅሞቹ ያጥብብላቸው። ለኔ ግን እንዳለ ይሥራልኝ፤ ምንም እንዳይነካ።»

ወደ ገላን

እሑድ ከሰዓት ቤቴ ገባሁ። እግሬን ታጥቤ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ፤ የሁለት ቀን ማስታወሻዬን ገልብጬ ሁለት አዲስ ስዕል ሠራሁ፤ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ እንደ ነበረው፣ ሁለቱም በወፍራም ላሜራ። ከጉዞው የተማርኩት ቆሞ የሚሠራ ሰው በቆመበት መለካት እንዳለበት ብቻ ቢሆን ይበቃኝ ነበር። ሌላም ነገር ተማርኩ። እኔን ባዕድ ያደረገኝ ውሸት የሰዎቹን እውነት አምጥቶልኛል፤ ሙኒር «ለምን?» ሲል ግን መልሱን እያወቅሁ አፌን ያስያዘኝም እሱው ነው። ነጂዎቹ የሚያነጋግሩት ሰው ፈልገው ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ሰው ደበቅሁባቸው።

ሰኞ ለኦቦ ቶለሳ ማስታወሻዬን አነበብኩላቸው፤ የሳልኩት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም። ማክሰኞና ረቡዕም አልነገርኳቸውም። ሐሙስ ጠዋት ብስክሌቱን ከግድግዳው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«ነጂዎቹን ሰማሁ» አሉ። «ጥሩ ነው። ሰውዬውስ? ዛሬ ካልመጣ እፈታታለሁ፤ የመስኮት ሥራው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

«መጥቷል።»

ወደ በሩ ዞረው አዩ።

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ። ስዕሉ የኔ ነው። ከመጀመሪያውም የኔ ነበር።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ አዩኝ፣ መልሰው አደረጉት።

«ሁለት ወር ሙሉ በአንቺ በኩል ሰላምታ ስልክለት ነበር።»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«አንቺም ‹እሱም ሰላም ብሎዎታል› ትዪኝ ነበር።»

«እኔ ነበርኩ ሰላም የምልዎት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ከወንበራቸው ተነሱ፤ እጃቸውን ግራሶ ስለነካው መዳፋቸውን አጥፈው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ ለእንግዳ ደንበኛ እንደሚያደርጉት ጎንበስ ብለው «እንደምን ሰነበቱ?» አሉኝ። ጤናዬን፣ ቤቴን፣ ሥራዬን በተራ ጠየቁኝ። ክንዳቸውን ይዤ አንድ በአንድ መለስኩላቸው። ከዚያ ለሁለተኛው ብስክሌት የሚሆኑ ሁለት ቱቦዎች ከመጋዘን አወጣን።