የስርጉት ሽሮና የባንተአምላክ ቅቤ

ስርጉት ፋንታ ቢቸና ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሽሮ አዘጋጅታ ስትሸጥ ኖራ አንድም ቀን ስለ ሽሮ ንግግር አድርጋ አታውቅም። ሽሮ ይበላል እንጅ ይተረካል ያላት አልነበረም። ከዚህ ጸጋዋ ጋር ቢተዋት ምን ነበረበት? አልተዋትም። አንድ ሰሞን ሽምብራን ከአተር የማይለይ አሠልጣኝ ከባሕር ዳር መጥቶ የከተማውን ነጋዴ አዳራሽ ሰበሰበና ሦስት ቀን ሙሉ ለስላሳ እያጠጣ፣ ታሪክ የሌለው ዕቃ ገዥ የለውም ሲል ሰበከ። ሃያ ሁለት ዓመት ገዥ ያላጣችው ሴት ይኸን ሰምታ ደነገጠች።

በዚያው ሳምንት በስልኳ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈተች። የመጀመሪያ ጽሑፏ «ሽሮ አለ» የሚል ነበር። ሰባት ሰው ወደደላት። አምስቱ ዘመዶቿ ናቸው፤ ስድስተኛዋ ራሷ ናት።

ጸሐፊ ስትፈልግ የሞጣውን ባንተአምላክን ጠቆሟት። ባንተአምላክ ዐሥራ አንድ ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጦ የተማረውን መጨረሻ ላይ ለፍራሽ ነጋዴ የሸጠ ሰው ነው። ሞጣ ላይ ፍራሽ ሻጩም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ ስልክ ጠጋኙም በየገጻቸው «እኔ» እያሉ የሚያወሩት በሱ አፍ ነበር። አንድ ሰው የከተማ ሙሉ «እኔ» ሆኖ ይውላል። ውላቸው አጭር ነው፦ እሱ በየሐሙሱ ይጽፋል፣ እሷ ትከፍላለች፣ ሰው አያውቅም።

በስልክ ስለ እናቷ ጠየቃት። እናቷ እሷን በወለደች በዓመቷ እንደሞተችባትና ሽሮ ያስተማረቻት ጎረቤት መሆኗን ነገረችው። ጎረቤት አይሆንም፣ እናት ትሁን አላት። በሳምንቱ ሐሙስ እናቲቱ ከሞጣ ተላከችላት፤ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ እያንጎራጎረች ሽምብራ የምትቆላ፣ የልጇን ጣት በጣቷ ይዛ እሳት የምታስለካ እናት። ስርጉት አነበበችው፣ ደገመችው፣ በሦስተኛው አለቀሰች። አንባቢው በዛ። ከአዲስ አበባ ድረስ «የእናትሽን ነፍስ ይማር» የሚላት መጣ። እሷም ገበያ ላይ «እናቴ እንዲህ ትል ነበር» ማለት ለመደባት፤ ውሸት መሆኑ ትዝ የሚላት ቀን እያነሰ ሄደ።

ጥር ላይ ባንተአምላክ የዐሥር ሳምንት ጽሑፍ ባንዴ አሰናድቶ፣ በየሐሙሱ ራሱ እንዲወጣ አድርጎ፣ አንብበው ይፍቀዱልኝ ብሎ ላከላት። አላነበበችውም። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ አንድ ገዳም እንዳምናው ሁሉ የዘንድሮውንም የሁዳዴ ሽሮ አዝዟት ሥራ ላይ ነበረች። የሱ ነገር ማማሩ አይቀር ብላ ፈቀደችለት። ሰው የገዛ ቃሉን ለማንበብ ጊዜ ሲያጣ፣ ንግዱ አደገ ይሉታል አሠልጣኞቹ።

ሁዳዴ ሰኞ ሊገባ፣ ዐርብ ጧት የገዳሙ መጋቢ አባ ወልደ ሰንበት ደወሉ። ሽሮው ትናንት ደርሷል፤ ጆንያዎቹ ግን ዕቃ ቤት አልገቡም፣ ከውጭ ወይራው ሥር ተከምረዋል። አንድ ተማሪ የትናንቱን ጽሑፍ አንብቦላቸው ነው። እሳቸውም በስልክ አነበቡላት፦ «የሽሮዬን ምስጢር እነሆ። እናቴ እንዳስተማረችኝ ሽምብራውን ቆልቼ፣ ትኩስነቱ ሳይለቀው በለጋ ቅቤ አሸዋለሁ። ወፍጮ የሚገባው እንደ ሙሽራ ተቀብቶ ነው።»



«ልጄ» አሉ አባ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ያምናውንም ሁዳዴ የጾምነው ባንቺ ሽሮ ነው። ነገ ነይና በማኅበሩ ፊት ተናገሪ።» ስልኩ ተዘጋ።

ወሬው ከሷ ቀድሞ ቢቸናን ዞረ። ዐሥራ አምስት ዓመት ደንበኛዋ የነበረችው የትናየት መጥታ፣ ከትናንት ወዲያ የገዛችውን ሽሮ ከስርጉት ደጃፍ አስቀምጣ ተመለሰች። ስርጉት ቁጭ ብላ አሰበችው። ጻፍሁት ብትል ሽሮው ይሞታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ አምኖ የጾመበት ሽሮ። አልጻፍሁትም ብትል እናቲቱ ትሞታለች።

ቅዳሜ በጧት ሚኒባስ ተሳፈረች፤ መጀመሪያ ሞጣ፣ ሲመለሱ ገዳም። ቀኑ ቅበላ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ሥጋና ቅቤ ታቅፏል። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ቅል ሙሉ ቅቤ ጉልበቷ ላይ ይዛ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ወደ ስርጉት ታዘነብላለች። ስርጉት ነጠላዋን ሰብስባ ከመስኮቱ ተለጠፈች፤ ደብረ ወርቅን ያለፈችው እንደዚያው ተጣብቃ ነው።

ባንተአምላክን ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓሮ አገኘችው። ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ወዲያው ግን ሙያው መጣለት።

«ግድ የለም እትዬ ስርጉት። ገጹን ሌባ ሰብሮት ገብቶ ነበር እንላለን። አሁን እጽፈዋለሁ፤ መነኮሳቱን የሚያስለቅስ አድርጌ።»

ጣቶቹ ስልኩ ላይ ይሮጡ ጀመር። ስርጉት ከትከሻው በላይ ሆና ተመለከተችው። ያምራል። ሌባው ራሱ ያሳዝናል። እናቲቱም ሳትነካ በቦታዋ አለች። ልቧ ወደዚያው አዘነበለ።

«ቆይ» አለችው። «አንተ ሽምብራ ሲፈጭ አይተህ ታውቃለህ?»

ጣቶቹ ቆሙ። «አላውቅም።»

«ታዲያ ቅቤውን ከየት አመጣኸው?»

ባንተአምላክ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ከየደጁ ለምኜ በላሁ። ሽሮን የማውቀው ቁራሽ እንጀራ ላይ ፈሶ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ያሳየኝ የለም። ቅቤ ያለበት ደግሞ አንድም ቀን አልደረሰኝ። ለርስዎ ስጽፍ... የሚበላ ሰው ደስ ይበለው ብየ ጨመርሁበት።»

ስርጉት ከቢቸና ጀምራ ስታደራጀው የመጣችው ስድብ ጠፋባት። የሌባውን ጽሑፍ ግን አጥፋው አላለችውም። እስክደውልልህ አቆየው ብላው ወጣች።

ገዳሙ ስትደርስ አረጋውያኑ ወይራው ሥር ተቀምጠው፣ ጆንያዎቹ በፊታቸው እንደ ተከሳሽ ተደርድረው ይጠብቋታል። እሷም ከጆንያዎቹ አጠገብ ቆመች። አፏን ሳትከፍት የገዳሙን ወጥ ቤት የሚመሩት እማሆይ ሰብለ ወንጌል በምርኩዛቸው መጡ። አንዱን ጆንያ አስፈተው ቆንጥረው በጣታቸው ፈተጉት፣ አሸተቱት።

«በቅቤ የታሸ ሽምብራ የትኛው ወፍጮ ነው የሚፈጨው? ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጅ። ለመሆኑ እናንተ ወንዶች፣ ሽሮ ከሰማይ የሚወርድ መስሏችኋል?»

አንዳንዱ መነኩሴ ጺሙ ውስጥ ሣቀ።  ስርጉት ዳነች፤ አመስግና ልትሰናበት ጎንበስ አለች።

«ሽሮው ንጹሕ ነው» አሉ አባ ወልደ ሰንበት። «ታዲያ ያላደረግሽውን አደረግሁ ብለሽ ስለምን ጻፍሽ?»

ሣቁ ጠፋ። ስልኩ እጇ ውስጥ አለ፤ ሌባውም ሞጣ ላይ ተቀምጦ አንድ ጥሪ ብቻ ይጠብቃል።

«አልጻፍሁትም አባቴ። ከፍየ ያስጻፍሁት ነው። ሳላነበው ወጣ።»

«ስለ እናትሽ የተጻፈውስ? እኛኮ ሽሮሽን በበላን ቁጥር የስርጉትን እናት ነፍስ ይማር ስንል ነው የከረምን።»



«እሷንም እሱ ነው የጻፋት» አለች። «የኔዋን አላውቃትም። በዓመቴ ነው የሞተችው።»

 እማሆይ ያስፈቱትን ጆንያ መልሰው ማሰር ያዙ።

«የወለደችሽ ማን ትባላለች?» አሉ አባ።

«አየሁሽ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው።»

«እንግዲያ የከረመው ጸሎት የወለተ ሐና ነው።» አባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና ጆንያዎቹን ዕቃ ቤት አስገቡ አሉ። ለስርጉት ግን አንድ ነገር ጨመሩላት፤ ገጹ ላይ የሚታረመው በገዛ እጇ ተጽፎ ነው።

እዚያው ወይራው ሥር ቆማ፣ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ጻፈች፦ «እስካሁን የጻፍሁት እኔ አልነበርሁም። እናቴ ልጅ ሳለሁ ሞታለች። ሽሮ አለ። ቅቤ የለውም።»

ብዙ ሰው ሰደባት። ለማያውቋት እናት ያለቀሱት የአዲስ አበባ ሰዎች ዕንባችንን መልሽ ለማለት ምንም አልቀራቸው። የትናየት ግን ሰኞ ጧት መጣች። ይቅርታም አልጠየቀች፣ ሰላምታም አላበዛች፤ ያንኑ የመለሰችውን ሽሮ ከደጃፉ አንሥታ ሄደች።