ላስቲኩን ያሰርኩት እኔ ነኝ

ይህን ከአፌ የሰማ ሰው የለም። የንስሐ አባቴ እንኳ አልሰሙም። ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ጨርቅ ስለካ ጣት ማጉደሌን አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ ዋጥ አድርጌ፣ መስቀላቸውን ተሳልሜ እወጣለሁ። አንተ አታውቀኝም። ስለዚህ ላንተ ልንገርህ።

የእህቴን የሽንት ቱቦ አጥፌ በላስቲክ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ሰው ተኝታበት ነው ይላል። እሷም እንደዚያ ታምናለች። አልተኛችበትም። እኔ ነኝ ያሰርኩት።

ሶዶ ተወልጄ ሶዶ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥተው በአንድ የስፌት መኪና የከፈቱትን ሱቅ፣ እሳቸው ስላረጁ አሁን እኔ ይዤዋለሁ። ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ እሸጣለሁ። እናታችን ስትሞት አስቴር ገና ጡት መጣሏ ነበር፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ይህን የምልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ያሳደግኋትን ልጅ እንደ ራሴ ዕቃ ስቆጥር እንደኖርኩ እንድታውቅ ነው። ዕቃዬ ደግሞ ሰው ፊት እንከን እንዲታይበት አልወድም።

አስቴር ፊኛዋን ያመማት ገና ኮሌጅ እያለች ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ከዚያ ኢንፌክሽን ነው ተባለ። ኪኒን ዋጠች፣ መርፌ ተወጋች፣ ጠበል ተጠመቀች። ምርመራው ንጹሕ ነው ይሏታል፤ ሕመሙ ግን አለ። ትንሽ ሽንት ሲጠራቀም ውስጧ ምላጭ ያለ ይመስላት ነበር። ሽንት ቤት ሄዳ ትመለስና ገና ሳትቀመጥ ትነሳለች። ከቦዲቲ ሶዶ ምን ያህል መንገድ ነው? እሱን እንኳ ሚኒባስ አስቁማ ትወርዳለች፣ ተሳፋሪው እያጉረመረመ። ጥሩ ሥራ አግኝታ ነበር፣ በዚሁ ምክንያት ተወችው። እኔም አንዳንዴ ሲሰለቸኝ «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» ብያታለሁ። ያመማትን ልጅ አበዛሽው ብያታለሁ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያየናቸው ስፔሻሊስት ፊኛዋ ተኮማትሮ ደርቋል አሉን። ሌላው ሕክምና ሁሉ ተሞክሮ አልሆነም፤ የቀረው እሱን አውጥቶ ከራሷ አንጀት በተቆረጠ አዲስ ፊኛ መሥራት ነው አሉ። ተሠራላት። ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነበር፤ ግን ተሳካ።

ወደ ቤት ሲሸኙን ነርሷ መመሪያውን የሰጠችው ለእኔ ነው። አዲሱ ፊኛ ስፌቱ እስኪጠግግ ድረስ ሽንት መያዝ የለበትም፤ ስለዚህ ሽንቷን ወደ ከረጢት የሚያወርደው ቱቦ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ከረጢቱ ከወገቧ በታች ይንጠልጠል፣ ሽንቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ። አንጀት ዝልግልግ ነገር ስለሚያወጣ ቱቦው እንዳይደፈን በሲሪንጅ በጨው ውሃ ይታጠብ። ደግሞም አዲሱ ፊኛ እንደ ድሮው ሞላሁ ብሎ አይናገርም፤ እሷ እስክትለምደው እናንተ ጠብቁላት። ሁሉንም ደግሜ ነገርኳት፣ አንድም አልሳትኩም። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ። ያልጠነከረ ስፌት ሲወጠር ምን እንደሚሆን ለእኔ ማስረዳት ያስፈልጋል?

ቤት ከገባን በኋላ የነበሩት ቀናት ደህና ነበሩ። ቱቦውን አጥባለሁ፣ ከረጢቱን እደፋለሁ፣ አጥሚት አጠጣታለሁ። አንድ ጠዋት ጣራውን ስታይ ቆይታ «እትዬ፣ ዝም አለ እኮ» አለችኝ። ምኑ ስላት «ሕመሙ» አለች። ሆዷ ላይ ቁስል እያለ፣ ቱቦ እየተንጠለጠለ፣ ያ የድሮው ሕመም ግን የለም። ያን ቀን ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ወዲህ አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እንባው አይመጣም።

አስቴር ታጭታ ነበር። እጮኛዋ በረከት የቦዲቲ ልጅ ነው፤ ሕመሟን ከመጀመሪያው ያውቃል፣ አዲስ አበባም ድረስ መጥቶ ደም ሰጥቷል። ለእናቱ እንዳይነግር ያስማልኩት እኔ ነኝ። የሽንት ነገር ነው ከተባለ፣ ይህች ልጅ ትሸታለች፣ አትወልድም፣ ለምንም አትሆንም ትባላለች ብዬ ፈራሁ። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ የሐሞት ጠጠር ነው እል ነበር። የሐሞት ጠጠር ክብር አይነካም፤ ማንም አያፍርበትም። አስቴር እንዲህ በይልኝ አላለችኝም። አልጠየቅኋትም።

አንድ እሑድ ጠዋት የበረከት እናት ወይዘሮ አማረች ከሁለት ዘመዶቻቸው ጋር ሊጠይቋት እንደሚመጡ ላኩብን። ታውቃለህ፣ በእኛ አገር በሽተኛ ሲጠየቅ እንግዳው አልጋው አጠገብ ነው የሚቀመጠው። በሽተኛዋን ደብቆ እንግዳውን ለብቻው ማስተናገድ ነውር ነው፤ የደበቁት ነገር አለ ያሰኛል። አልጋዋን ሳሎን አወጣሁት። አዲስ አንሶላ አነጠፍኩ። ሁሉም አማረ፤ ያ ደም የቀላቀለ ሽንት ያለበት ከረጢት ብቻ አልጋው ጎን ተንጠልጥሎ ቀረ።

መሬት ላስቀምጠው አልኩ፤ ይታያል። ጨርቅ ልሸፍነው አልኩ፤ ቱቦው ይታያል። አንሥቼ ብርድ ልብሱ ውስጥ እግሯ ሥር ልደብቀው አልኩ፤ ያኔ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ነርሷ ተናግራለች። ስለዚህ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቱቦውን አጠፍኩት። ሁለት ጊዜ አጠፍኩና ከሱቅ ባመጣሁት ላስቲክ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፤ ከረጢቱንም እግሯ ሥር ደበቅኩት። ለትንሽ ጊዜ ነው አልኩ። አስቴር የሕመም ማስታገሻዋን ወስዳ እንቅልፍ ይዟት ነበር፤ አላየችኝም። ማስታገሻውንም ከሰዓቱ በፊት የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ እንግዳ ፊት እንዳታቃስት።

እንግዲህ ንገረኝ፣ ይህ አለማወቅ ነው? አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልጽፍልህም ነበር።

ወይዘሮ አማረች «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ ገቡ፤ በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ነበር። አማርኛቸው ሴቱን ወንድ ያደርጋል። «አስቴር እንዴት ነው? ተሻለው?» አሉኝ፣ ግንባሯን እየዳበሱ። ደህና ናት አልኳቸው። ምግብ አቀረብኩ፣ እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኝም። ከምግቡ በኋላ ዝናብ ጣለ፣ ማን በዝናብ ሂዱ ይላል? ከዝናቡ ጋር ጨዋታው ደራ፤ ከጨዋታው መሐል የሠርጉ ነገር ተነሣ። ወይዘሮ አማረች ከፋሲካ በኋላ ይሁን አሉ። ልቤ ሞላ። ያን ሰዓት ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ያኔ ነው አስቴር ዓይኗን የገለጠችው። «እትዬ፣ ሆዴን ወጠረኝ» አለች።

ሰማኋት። ደግሜ ልበልህ፣ ሰማኋት። ምን እንደሆነም አወቅሁ። ብድግ ብዬ «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ውጡልኝ» ብል የሚያልቅ ነገር ነበር። ከዘመዶቹ አንዷ «ሐኪም ይጠራ እንዴ?» አለች። እኔ ግን ትራሷን አስተካከልኩና «ጋዝ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንደዚህ ነው፣ ይለቃታል» አልኩ። አስቴር አየችኝና አመነችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምላትን ታምናለች። ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ወደ ሠርጉ ወሬ ተመለስኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ተነሡ፣ ጸለዩላት፣ እግዜር ይማርሽ አሏት። እንግዳ ደግሞ በር ላይ አይሰናበትም። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው፤ ወደ መናኸሪያ የሚወስዳቸው ባጃጅ እስኪያገኙ አብሬ ቆምኩ። ቆሜ ስቄያለሁ። ወይዘሮ አማረች ስለ ድንኳን ሲያወሩ መልሼላቸዋለሁ።

ስመለስ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር፣ ላብ አጥምቋታል፣ ቃል አይወጣትም። ላስቲኩን ፈታሁት። የወረደው ጥቂት የረጋ ደም ብቻ ነው። ሽንቱ የት ሄደ? ሆዷ ውስጥ ፈሶ ነበር። ስፌቱ ለቅቋል።

እዚሁ ሶዶ ሐኪም ቤት አደረስኳት፤ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ላኩን። እዚያ አንድ ወጣት ሐኪም ቱቦው ተዘግቶ ወይም ታጥፎ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በደንብ፣ ረጋ ብሎ ነው የጠየቀኝ። አስቴር አጠገቤ አልጋ ላይ ነበረች፣ ትሰማለች። ላስቲኩ የሹራቤ ኪስ ውስጥ ነው።

«ተኝታበት ይሆናል» አልኩ።

ይህቺው ናት። ሐኪሙ ጻፈ። አስቴርም ሰማች። እኔ ካልኩት በላይ ማስረጃ አልፈለገችም።

ያ አዲስ ፊኛ ሊድን አልቻለም። አወጡት። አሁን ሽንቷ የሚወጣው ሆዷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ እዚያ ላይ ከረጢት ይለጠፋል፣ ዕድሜ ልኳን። ሕመሙ አልተመለሰም፤ እሱ እውነት ነው። ሰዎች ይህን እያነሡ ሲያጽናኑኝ እቀበላለሁ።

ወይዘሮ አማረች ነገሩን ከበረከት ሰምተው መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እጄን ይዘው አለቀሱ። «ምነው ብትነግረኝ? ያንን ዕቃ እኔ ራሴ በእጄ እይዝለት አልነበር?» አሉኝ። እጄን አስለቅቄ ቡና ላፈላ ተነሣሁ። መሸሼን ኀዘን አደረጉት።

ጋብቻውን ያፈረሰችው አስቴር ናት። በረከት ሲመላለስ፣ ሲለምናት ቆየ። እሷ ግን ቀለበቱን መለሰችለት። «አንድ ቱቦ መጠበቅ ያቃተኝ ሰው ልጅ እጠብቃለሁ?» አለችው። በሩ ጋ ቆሜ ነበር። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ብናገር ቀለበቱ ጣቷ ላይ ይቀር ነበር። አልተናገርኩም። ቱቦ ማሰሬን ችኮላ ነው ብትለኝ፣ ሐኪሙን መዋሸቴን ድንጋጤ ነው ብትለኝ፣ ይህን ምን ትለዋለህ? እኔ ስም አላገኘሁለትም። በረከት አሁን ሌላ አግብቶ አዋሳ ነው።

ከዚያ ወዲህ ውስጤ ደንዝዟል። እሰፋለሁ፣ እሸጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ። ከረጢቷን ስትቀይር አያታለሁ፤ ጎበዝ ሆናለች፣ እኔን አትፈልግም። ሲያዩኝ ለእህቷ ስትል ሳታገባ የቀረች ደግ ሴት ይሉኛል። ስሰማው አይሞቀኝም አይበርደኝም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያንተ አይደለም ይቅርታው። ስለ ክብራችን ነው ያደረግሁት ብዬም አልከራከርህም። የማን ክብር? እሷ መቼ አፈረች? ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ግን እዚህ ድረስ ከሰማኸኝ፣ ለንስሐ አባቴ ሳልናገር የምውጠውን ዋናውን ልንገርህ።

በእኛ ቤት የመስቀል በዓል ድግስ ቂም ተይዞ አይበላም። ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት አባቴ ቤተሰቡን ያስቀምጡና የተቀያየመ ካለ ይቅር ይባባል ይላሉ። ያለፈው መስቀል አስቴር ተነሣች። ማንን ልትል ነው ብዬ ሳይ ወደ እኔ መጣች። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ያዘች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ያለውን ከረጢት ደግፏል።

«እትዬ፣ ያኔ ቱቦው ላይ ተኝቼ ያን ሁሉ ልፋትሽን ከንቱ አስቀረሁት። አንድም ቀን አልወቀስሽኝም። ይቅር በዪኝ» አለች።

አባቴ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁሉም እኔን ያየኛል።

ትከሻዋን ይዤ አነሣኋት፣ ሳምኳትም።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።