በመረቡ ጎን የነበረው ቀዳዳ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ በነበርኩባቸው ዓመታት ሥራዬ የጆንያ አፍ መስፋት ነበር። ሰሊጥ በሚገባበት ወቅት ከእህል ገበያው ሚዛን አጠገብ እቀመጥና ተሸካሚዎቹ የሞሉትን ጆንያ በመስፌና በሲባጎ እዘጋለሁ። ለአንድ አፍ አሥራ አራት ጥልፍ። በአሥራ ሁለትም ይያዛል፤ ግን መኪና ላይ ሲወረወር ጥጉ ይለቃል። የተሸካሚዎቹ የእግር ኳስ ቡድን የጎል መረብ ሲያስፈልገው ሥራው ለእኔ የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱንም መረብ ከትርፍራፊ ሲባጎ ቋጥሬ ሠራኋቸው።

አርብ ገበያው ዝግ ስለሆነ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ከከተማው ጫፍ ባለው ሜዳ እንጫወታለን። ሜዳው ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁን ጠዋት በሰሊጥ ገለባ እንሞላዋለን። "እንጫወታለን" እላለሁ እንጂ እኔ አልጫወትም። መረብ እሰቅላለሁ፣ መረብ አወርዳለሁ።

የእህቴ ልጅ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እዚያው ተወልዳ ስላደገች እኔን አጎቷን በዐረብኛ "ኻሊ" ትለኛለች። ጨዋታ የምታየው ከጎሉ ጀርባ፣ የተገለበጠ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ነው። እኛ ወደምናጠቃው ጎል ትሄዳለች፤ ከእረፍት በኋላ ቆርቆሮዋን ተሸክማ ወደ ሌላው ትዞራለች።

"እናንተ ጀርባውን ነው የምታዩት" ትለኛለች፤ "እኔ ፊቱን ነው የማየው።"

ፊቱን የምታየው ሰባት ቁጥራችንን ነው። ቀን ቀን ኩንታል ይሸከማል፤ አርብ ግን ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ዳር የቆመው ሁሉ ወሬውን ያቋርጣል። አንድ ቀን በአጠገቧ ሲያልፍ ጫማውን እንድትይዝለት ሰጣት። በማግስቱ ነጭ ካናቴራዋን ይዛ መጣችና ጀርባው ላይ ሰባት ቁጥር አስጻፈችኝ። የጻፍኩት በጆንያ ማተሚያ ቀለም ስለሆነ በምንም ሳሙና አይለቅም።

የመስመር ዳኛ አልነበረንም። ያሉን አንድ ዳኛ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ዓይናቸው መርፌ ቀዳዳ ላይ እንጂ ሩቅ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ጎል ሲያጠራጥር ያገባውን ሰው ይጠሩና "በእናትህ?" ይሉታል። "እናቴ ትሙት" ካለ ጎል ነው። ዝም ካለ አይደለም። አብዛኞቹ ከእናታቸው ከተለዩ ዓመታት ያለፏቸው ልጆች ስለነበሩ በዚህ መሐላ የሚቀልድ አልነበረም።

ከጡብ ሠሪዎቹ ቡድን ጋር የተጫወትን ዕለት፣ ዜሮ ለዜሮ እንዳለን፣ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ሰባት ቁጥር ከግራ በኩል መታት። ኳሷ መረቡ ውስጥ ገብታ ቆመች። የጡብ ሠሪዎቹ በረኛ "ከውጭ ነው! በጎን ነው የገባችው!" እያለ ጮኸ። ዳኛው እያዘገሙ ደረሱ።

"በእናትህ?"

ሰባት ቁጥር መሬት መሬት አየ። ከዚያ "እናቴ ትሙት!" አለ።

ልጆቹ ተሸክመውት ዞሩ። እኔም ልማዴ ስለሆነ የእህቴን ልጅ ትከሻዬ ላይ ላወጣት ሄድኩ። ቆርቆሮው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ካናቴራዋን አውልቃ ገልብጣ ለብሳዋለች።

"በቀዳዳው ነው የገባችው" አለችኝ። "እኔ አይቻለሁ። እሱም አይቷል። ፊቱን አየሁት።"

"ጨዋታ እኮ ነው" አልኳት። እንዲህ ያለ የማይረባ መልስ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በእግሯ ነው የሄደችው፤ ትከሻዬን እንቢ አለች።

እዚያ ትምህርት ቤት የሚዘጋው አርብ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት የትምህርት ሰዓት ሳይደርስ ቀድማ ከቤት ወጣች። እህቴ "ጥናት በዝቶባት ይሆናል" አለች። ነገሩን ያወቅሁት ሰኞ፣ ከሰባት ቁጥር እናት አፍ ነው። እሳቸው ገበያው በር ላይ ሻይ ይሸጣሉ። አርብ አርብም ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ሜዳ ዳር አይጠፉም ነበር፤ ያን አርብ ግን ሾዋክ ከተማ ለቅሶ ሄደው ነበር፤ የተመለሱት እሑድ ከሰዓት ነው።

"አንተ፣ ይቺ የእህትህ ልጅ ምን ሆናለች?" አሉኝ። "ዛሬ በጠዋት መጥታ 'እማማ፣ አላመመዎትም?' አለችኝ። ደህና ነኝ ብላት እጄን ይዛ አለቀሰች። ጎረቤቴ ደግሞ ቅዳሜም እሑድም መጥታ ባዶውን አግዳሚ እያየች ቆማ ነበር አለችኝ። ሟርት ነው ወይስ ፍቅር?"

ልጅቱ መሐላውን እንዳለ ወስዳዋለች። እሱ በሐሰት ማለ፤ እንግዲህ እናቱ ሊሞቱ ነው። ቅዳሜ ቦታቸው ባዶ ሲሆን የሆነ መስሏታል። እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ያኮረፈች መስሎኝ ከረሜላ እገዛላት ነበር።

እናትየውን እጠይቃታለሁ ብያቸው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኋት።

"ሰው በመሐላ አይሞትም" አልኳት።

"ታዲያ ለምን ያስምሏቸዋል?"

እኔ የማውቀውን ነገርኳት፦ ቀዳዳውን አርብ ጠዋት፣ መረቡን ስሰቅል አይቼው ነበር። በጎን በኩል፣ ከግራው ቋሚ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ ኳስ የሚያሳልፍ።

ቆመች። "ለምን አልሰፋኸውም?"

"ሲባጎ አልቋል ብዬ ተውኩት።"

"አልቆ ነበር?"

"አላለቀም። ደክሞኝ ነበር።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ኻሊ፣ አንተም!" አለችና ሳቀች፤ ከአርብ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። "እስቲ አሁን እንሂድና እንስፋው።"

መረቡን ግድግዳ ላይ ሰቅለን እሷ ወጥራ ያዘች፤ እኔ ሰፋሁ። ዘጠኝ ቋጠሮ ፈጀ። አንዱ ላልቷል ብላ አስፈታችኝ፤ እውነትም ላላ ብሎ ነበር።

ማክሰኞ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሰባት ቁጥር እናት እጇን ይዘው አስቀመጧትና እስክትናገር አለቀቋትም። አመሻሽ ላይ ተሸካሚዎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ ሰባት ቁጥርም መጣ። ለሁሉም ቀዱ። የሱን ብርጭቆ ደፍተው አስቀመጡት።

"እማ፣ የኔስ?"

"የሞተች ሴት ሻይ አትቀዳም።"

"ምን?"

"አርብ ቀብረኸኛል አሉ። በአንድ ጎል! አንተ፣ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህ ለዜሮ ለዜሮ ነው?"

ተሸካሚዎቹ በሳቅ ወደቁ። አንዱ "ነፍስ ይማር፣ እማማ፣ ስኳር ይጨምሩልኝ" አለ። ሰባት ቁጥር ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ከማንቆርቆሪያው ኋላ የተቀመጠችውን ልጅ አያትና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"አይተሽኝ ነበር?"

"ከመረቡ ጀርባ ነበርኩ።"

"ሦስት አርብ ሙሉ ጎል አላገባሁም ነበር" አላት፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጎ ሳይሆን ለሁላችንም በሚሰማ ድምፅ። "ጨነቀኝ። አፌ ቀደመኝ። አሁን ምን ይሻላል?"

አሰበች። "ለጡብ ሠሪዎቹ ንገራቸው።"

"እሺ።"

"ኧረ ይስቁብሃል" አለ አንዱ።

"ይሳቁበታ" አለች።

በሚቀጥለው አርብ እንደገና ከእነሱ ጋር ተገናኘን። ሰባት ቁጥር መሐል ሜዳ ቆሞ ተናገረ። አምበላቸው ጨርሶ አላስጨረሰውም፤ "ወላሂ እናውቃለን! ቀዳዳው እኮ ዝሆን ያሳልፋል!" አለና አቀፈው። ቀጥሎ "እኛ አንድ ለዜሮ እየመራን ካልጀመርን አንጫወትም" አሉ። ተከራከርን፤ ተሸነፍን። አንድ ለዜሮ እየተመራን ጀመርን።

ሰባት ቁጥር ሁለት ያለቀለት ኳስ ሳተ። በሦስተኛው መታና አገባ። በረኛቸው ጥርሱን እያሳየ "ቀዳዳ! ቀዳዳ!" ብሎ ጮኸ። ዳኛው ግን ቀልድ አያውቁም፤ እያዘገሙ መጡ።

"በእናትህ?"

ሰባት ቁጥር አፉን ሳይከፍት ከሜዳው ዳር፣ ከማንቆርቆሪያው በኩል "በኔ የለም! በራስህ ማል!" የሚል ድምፅ መጣ። ሜዳው ሁሉ ተንጫጫ።

"እሷን ይጠይቋት" አለ ሰባት ቁጥር ወደ መረቡ ጀርባ እያመለከተ። "እዚያ ናት።"

ዳኛው ዞረው "እህስ፣ ልጄ?" አሏት።

"ቆዩ" አለች። ከቆርቆሮዋ ወረደችና ወደ ግራው ቋሚ ሄደች። አንድ ክንድ ለካች። ዘጠኙን ቋጠሮ አንድ በአንድ በጣቷ ሳበች፤ ሃያ ሁለት ተጫዋችና ዳር የቆመው ሕዝብ ሁሉ ቆሞ ጠበቃት። የላላ አልነበረም።

"ገብቷል!"

አንድ ለአንድ አለቀ። መረቡን አውርጄ ስጠቀልል መጥታ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ትከሻዬ ላይ እንዳወጣት ነው። ካናቴራውን መልሳ በደህናው ገጽ ለብሳዋለች። ሳምንቱን ሙሉ በሳሙና ስትፈትገው ስለከረመች ሰባቱ ዳርና ዳሩ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል። ትከሻዬ ላይ ሆና፣ የእናትየውን ማንቆርቆሪያ አልፈን እስክንርቅ ድረስ እየዞረች ትጣራለች።

"እማማ! አሉ?"

"አለሁ!" ይላሉ እሳቸው ብርጭቆ እያጠቡ። "አለሁ፣ ልጄ! ነገም ነይ!"