እጅ የሚነሳው ሽማግሌ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳን ሆዜ ወዳለ መዝናኛ ፓርክ ወሰደችኝ። በሩ ላይ የቆመው ሮቦት ቆዳው እንደ ሰው ይሸበሸባል፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ስለ አየሩ ሳይቀር አጫወተኝ። ከውስጡ ግን ያው የጥንቱ የጋለ ጎማና የሞተር ዘይት ሽታ መጣ።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ኦክላንድ ሲማር፣ አጎቱ አባባ ተሰማ ሊጠይቁን መጡና እዚሁ ሳን ሆዜ ወደነበረ ፓርክ ወሰድናቸው። መግቢያው ላይ ጢማም የጎማ ሽማግሌ ሲጥ ሲጥ እያለ ጎንበስ ቀና ይላል። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱት። እሱ ደገመ፤ እሳቸውም ደገሙ። ሰልፉ ከኋላችን ቆመ።

«አባባ፣ ማሽን እኮ ነው» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«ቢሆንስ? ሽማግሌ እጅ እየነሳኝ ጥዬው ልሂድ?»

አባቴ እጃቸውን ይዞ በግድ አስገባቸው። እሳቸው ግን ዞር ብለው እያዩት፣ «የሠራው ሰው አሳዳጊ የበደለው አይደለም» አሉኝ።

የዛሬው ሮቦት ወሬውን ቀጥሏል፤ ጎንበስ ግን አላለም።

«አባባ፣ ሌትስ ጎ» አለች የልጅ ልጄ።

ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሳሁትና አጸፋውን ጠበቅሁ። ሰልፉ ከኋላችን ቆመ።