ፊት ለፊት ተቀምጬ የተማርኩት ፊደል

ባለፈው ሳምንት ሸሕዲ አውቶቡስ ስጠብቅ ሻይ ቤት ገብቼ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠ የጭነት መኪና ሹፌር አየኝና፣ «አባባ፣ ጋዜጣውን እኮ ዘቅዝቀው ነው የያዙት» ብሎ ሳቀ። ቤቱም አብሮት ሳቀ። እኔ ጋዜጣውን ሳላቀና ገጹን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሹፌሩ፣ «እንዲህ ማንበብ ማን አስተማረዎት?» አለኝ። በዚህ ቆላ ጽሑፍን ቀንቶም ተዘቅዝቆም የሚያነብ ከእኔ ሌላ የለም። እንዴት እንደተማርኩት ግን ሳልነግረው አውቶቡሱ መጣ።

በመጀመሪያ ከመታሰሬ በፊት ማን እንደነበርኩ ልናገር። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ስሜ ከመተማ እስከ ቋራ የታወቀ ነበር። የሚሮጥ ድኩላ አልስትም፤ የጓንግን ወንዝ ሲሞላ በዋና እሻገራለሁ፤ በግመል ከሱዳን ጥይት ሳመላልስ ጣሊያን ዱካዬን ማግኘት አቅቶት ነበር። ፊደል ግን አልቆጠርኩም። የቄስ ሥራ ነው እያልኩ እንቀው ነበር። የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜን አየለን በግጦሽ ጠብ አንድ የቋራ ሰው ገድሎት ወደ ሱዳን ተሻግሯል፤ ደሙን አልመለስኩም። በአገራችን ልማድ ደግሞ ገዳዩ ከጠፋ ወንድሙ ይበቃል።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ጠቋሚ አስያዘኝና መተማ ታሰርኩ። እስር ቤቱ ድሮ የሰሊጥ መጋዘን ነበር፤ ፀሐይ ስትበረታ ግድግዳው የዘይት ሽታ ይተፋል። የእግር ብረት ስላነሰ ሁለት ሁለቱን ሰው በአንድ ሰንሰለት ያቆራኙ ነበር። ከእኔ ጋር የተቆራኘው ለአርበኞች ደብዳቤ ሲጽፍ የተያዘ ጢመ ሽበት መሪጌታ ነው። ስሙ ሲጠራ ደነገጥኩ። መሪጌታ ውብነህ፣ የገዳዩ ታላቅ ወንድም!

እሱም አወቀኝ። «የአየለ ወንድም ነህ» አለኝ።

«ነኝ። አሁን ብነካህ ይሰቅሉኛል። ቆይ ብቻ፣ ይህ ሰንሰለት ይፈታ።»

«እስኪፈታ ሥራ ከምትፈታ ታዲያ ፊደል ላስቆጥርህ።»

«ከአንተ?»

«ሌላ ማን አለህ? እግርህ እንደሆነ ከእኔ ጋር ነው።»

እስረኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

ቀን ቀን ለጎንደር መንገድ ድንጋይ እንፈልጥ ነበር። መዶሻዬን ባነሳሁ ቁጥር የሚታየኝ የመሪጌታ አናት ነው። ቀትር ላይ ከግራር ጥላ ሥር የማሽላ ንፍሮ ስንቆረጥም፣ እሱ ከአንገቱ ካንጠለጠለው የቆዳ ማኅደር ትንሽ የብራና የጸሎት መጽሐፍ አውጥቶ ጭኑ ላይ ይዘረጋል፤ ፊደሉን በስንጥር እያመለከተ ይጠራል። ከደመኛዬ ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ ውርደት መስሎኝ፣ ሰንሰለቱን ወጥሬ ፊት ለፊቱ እቀመጥ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ሌላ የሚሰማ ነገር ስለሌለ ነው። ጭንቅላቴ ግን የሰማውን አይጥልም፤ ሌላውን ዓመት የሚፈጀውን እኔ በሁለት ወር ጨረስኩ። እሱም አልካደም። «ጭንቅላትህስ ደህና ነበር፤ ሥራ አጥቶ ነው የተበላሸው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ መዶሻው በወረደ ቁጥር በልቤ የምቆጥረው ፊደል ሆነ። የመሪጌታ አናት መታየቱን ተወ። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ የራቀኝ እንቅልፍ ተመለሰልኝ። ደሜን ግን አልተውኩም ነበር።

ክረምት ገባና የመረሬው ጥቁር ጭቃ መንገዱን ዋጠው፤ ሥራው ቆሞ መጋዘኑ ውስጥ ተቆልፎብን እንውል ጀመር። መሪጌታን ንዳድ ጣለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንዳው ዘበኛ አንድ ቅል ውሃ ለእኔ ሰጥቶኝ፣ «ሽማግሌውስ አበቃለት፤ አንተው ጠጣው» ብሎ ሄደ። እስከ ማግስቱ ሌላ ውሃ አይመጣም። አሰብኩት። ካልሰጠሁት ይሞታል፤ እጄ ሳይነካው የወንድሜ ደም ይመለሳል፤ የሚሰቅለኝም የለም። ቅሉን ከኋላዬ አስቀመጥኩ።

ውሃ አልለመነኝም። ማኅደሩን ወደ እኔ ገፍቶ፣ «አንብብልኝ፤ ዓይኔ ፊደል መለየት አቃተው» አለ።

መጽሐፉን እንደ እሱ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። አንድም ፊደል አላወቅሁም!

«ምነው ዝም አልክ?»

«ጠፋብኝ። ሁሉም ሌላ ሆነብኝ።» መጽሐፉን ወዲያ ወዲህ አዞርኩት። ሲዘቀዘቅ ፊደሉ ሁሉ ተመለሰልኝ።

መሪጌታ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሳቀ። «ዘቅዝቄ ነዋ ያስተማርኩህ! ፊት ለፊቴ ስትቀመጥ አላሰብኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ና ከጎኔ ሁን፤ ሳልሞት ላቃናልህ።»

ቅሉን ስደብቅ አይቶኛል። ምን እንደማስብም ያውቃል። የጨነቀው ግን የእኔ ንባብ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜዬ ሌላ አላየሁም። ተነሥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ራሱን ደግፌ ቅሉን ከአፉ አስጠጋሁና፣ «ይጠጡ፣ የኔታ» አልኩ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ በአፌም በጽሑፌም አንቱ ናቸው።

ግማሹን ጠጥተው፣ «ለአንተስ?» አሉኝ።

«እኔ ግመል ነኝ፤ ሦስት ቀን እችላለሁ።»

ጠጡት፤ ዳኑም። ጣሊያን ተሸንፎ በር እስኪከፈት ድረስ ከጎናቸው ተቀምጬ ተማርኩ።

ዛሬ ማን አስተማረህ ሲሉኝ ራሴ ነኝ እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን መጽሐፍ ሁሉ ያለ አስተማሪ ስላነበብኩት ውሸት አይደለም። ልቤን ያሳረፉልኝ ግን የኔታ ናቸው። ያደረግሁትንም ልቁጠር። እዚያው እስር ቤት ለሰባት ሰው ፊደል አስቆጥሬያለሁ። ዐረብኛን ከመተማ ነጋዴዎች ለቅሜ ማንበብ ችያለሁ። ከገለጉ እስከ አብርሃ ጅራ ለደሃው አቤቱታ ጽፌያለሁ፤ ደም የተቃቡትንም አስታርቄያለሁ። ከሁሉ በፊት ግን የራሴን ደም አድርቄያለሁ፤ ገዳዩ ከሱዳን ሲመለስ ጠብመንጃዬን ቤት ትቼ ሄድኩለት። የኔታ ሲያርፉ ቃሬዛቸውን ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ በግራ በኩል እሱ ነበር። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እርምጃችን አንድ ጊዜ እንኳ አልተዛነፈም።