በኮርቻ ላይ የተለካ የጎልፍ ሱሪ

ሐሙስ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ደብረ ማርቆስ

ከደብረ ማርቆስ የተነሣሁት ሱሪ ላሰፋ ነው። አንባቢ ከጉዞ ማስታወሻ ተራራና ወንዝ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ተራራውም ወንዙም በመንገዱ ላይ አለ፤ እኔ ግን መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ሱሪ ነበርና ያኔ በደብተሬ እንደጻፍሁት እገለብጠዋለሁ።

የምሠራው ለመንገድ ሥራ ከመጡ ፈረንጆች ዘንድ ነው፤ ጸሐፊም አስተርጓሚም ነኝ። ዋናው መሐንዲስ በቅርቡ ወደ አዲስ አበባ ይዛወራል፤ ሲሄድም ከጸሐፊዎቹ አንዱን ይዞ ይሄዳል። ማንን እንደሚወስድ የሚቆርጠው የእጅ ጽሑፋችንን አይቶ አይደለም። እንጅባራ አጠገብ ካለ መስክ ላይ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ቀይ ባንዲራ አስተክሎ፣ እሑድ እሑድ ጎልፍ ይጫወታል። ትንሽ ነጭ ኳስ በብረት ዱላ እየመቱ ከጉድጓድ መክተት ነው። አብሮት ተጫውቶ ያላሰለቸው ሰው አዲስ አበባ ይገባል። ሹመት እንዲህ ሆኗል።

ባለፈው እሑድ እኔም ተጠርቼ ነበር። የለበስሁት ለሠርግ ያሰፋሁትን ጠባብ የሱፍ ሱሪ ነው። ዱላውን ወደ ኋላ ስወስድ ጉልበቴ ላይ ይይዘኛል፤ ወገቤን ሳዞር ቀበቶው ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ሳጎነብስ ከኋላዬ ስፌቱ ሲንጣጣ ይሰማኛል። ሰባት ጊዜ ሰንዝሬ ሰባት ጊዜ ሣር ነቀልሁ። መሐንዲሱ እየሳቀ «የሚያሸንፍህ ሱሪህ ነው፤ ለሚመጣው እሑድ እንደ ልብ የሚያንቀሳቅስ ነገር ልበስ» አለኝ።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ የጭነት መኪና ከሾፌሩ ከስዩም ጎን ተቀምጬ ወደ ዳንግላ ጉዞ ጀመርሁ። ዳንግላ ውስጥ ለፈረሰኞች ሱሪ የሚሰፋ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ከእሱ የሚስተካከል የለም ብለውኛል።

«ለአንድ ሱሪ ይህን ሁሉ መንገድ?» አለ ስዩም።

«ለአዲስ አበባ ነው እንጂ።»

«አዲስ አበባ እኮ በዚያ ነው» ብሎ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላችን አመለከተኝ።

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፤ ከጥሊሊ እስከ እንጅባራ

ቡሬ ድረስ አቧራ ነበር፤ ጥሊሊ ስንደርስ ጭጋግ ተቀበለን። የጥቅምት ብርድ ነው፤ አጥንት ይገባል። የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ፣ በበርበሬ እየነከርን ቆመን በላን። ስዩም እጁን በድንቹ እያሞቀ፣ እኔ ደግሞ ድንቹ ሱፌ ላይ እንዳይፈረፈር ሸሚዜን እየሰበሰብሁ።

ከጥሊሊ ወዲያ ያለው አገር አገሬ ነው። የቀርከሃው አጥር፣ ማጭድ የሚጠብቀው ገብስ፣ ጥቁሩ አፈር። እናቴ የዚህ አገር ሰው ናት፤ አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው። ከመሥሪያ ቤት ይህን የማነሣው የሚጠቅመኝ ሲሆን ብቻ ነው።

እንጅባራ ስንቃረብ ቀያዮቹ ባንዲራዎች ከመንገዱ በታች ታዩ። ከመንገዱ ላይ ደግሞ ፈረሶች፤ ከሃያ ያላነሱ ፈረሶች በቦዩ ዳር ያለችውን ሣር ይግጣሉ። ስዩም ጥሩምባውን እየነፋ በእርምጃ አለፋቸው።

«ያን የመሰለ መስክ እያለ ፈረሶቹ መንገድ ላይ ምን ይሠራሉ?»

መልሱን አውቃለሁ። መስኩ የአራት መንደር የጋራ ግጦሽ ነው፤ ለመስቀልና ለጥምቀት ፈረስ የሚጋለበውም እዚያው ነው። ከክረምት ወዲህ ግን ዘበኛ ቆሞበታል፤ መስኩ የሚታጠርበት ሽቦም መጥቶ ከእንጅባራ መጋዘን ገብቷል።

«እንጃ» አልሁት።

ዓርብ፤ ዳንግላ

ጠዋት ሽሮዬን በልቼ ጋሪ ያዝሁ። ባለጋሪው ስሙኒ ተቀብሎ፣ በየድንጋዩ ላይ እያዘለለ፣ ከልብስ ሰፊው በረንዳ አወረደኝ። አያ አለነ ስድሳን ያለፉ፣ የመነጽራቸውን አንድ ጆሮ በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ወፍራም ግንድ ተጋድሟል፤ ግንዱ ላይ ኮርቻ ተጭኗል።

«ይቀመጡ ጌታው» አሉኝ ወደ ኮርቻው እያመለከቱ።

«ቆሜ አይለኩኝም?»

«ከተማ እንዲያ ነው የሚለኩት፤ አውቃለሁ። ሰውየውን እንደ ግንድ አቁመው ይለኩትና ሲቀመጥ ይቀደድበታል። ይውጡ፣ ይውጡ።»

ወጣሁ። ጭኔን፣ ጉልበቴን፣ ከወገቤ እስከ ኮርቻው ያለውን ሁሉ ለኩ። የፈረሴን ቁመት ሲጠይቁኝ ፈረስ እንደሌለኝና የምፈልገው የጨዋታ ሱሪ እንደሆነ ነገርኋቸው። የእንጨት ሜትራቸውን ተቀብዬ ዱላው እንዴት እንደሚነሣ፣ ወገብ እንዴት እንደሚዞር፣ ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየኋቸው። አልሳቁም። ተንበርክከው «እስቲ እንደገና» አሉና ስሰነዝር ሱሪዬን በሁለት ጣት ያዝ አደረጉት።

«ይኸ ነው የሚይዝዎት። ጉልበትዎ ጥፋት የለበትም፤ የሚጎትተው ከላይ፣ ከጭኑ ነው።»

ከዚያ እንደ መምህር ዘረዘሩልኝ። ጭኑ ላይ ሰፋ ብሎ ከጉልበት በታች ይጠባል። በሁለቱ እግሮች መካከል አራት ማዕዘን ጨርቅ ይገባል፤ ሰው እግሩን ሲከፍት ስፌቱ እንዳይሸከም ነው። ወገቡ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ይላል፤ ሲያጎነብሱ ጀርባ እንዳይታይ፣ ሆድም እንዳይቆረጥ። ጨርቁ ካኪ ይሁን፤ ሱፍ ጤዛ ይጠጣና ይከብዳል። ካኪውም ሳይቆረጥ በፊት በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ አለዚያ በመጀመሪያው ዝናብ ቁርጭምጭሚትን ለቆ ይወጣል። ለጎልፍ የሚሆን ሱሪ የጎልፍን ስም ሰምተው ከማያውቁ ሽማግሌ ጉልበት ሥር አገኘሁ።

«ጨዋታው የት ነው?»

«እንጅባራ፣ ከመንገዱ በታች ካለው መስክ።»

እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝና የማን ልጅ እንደሆንሁ በአገውኛ ጠየቁኝ። የእናቴን መንደር ነገርኋቸው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ «እርስዎ» ቀረ።

«የወንድሜ ፈረሶች መንገድ ላይ ነው የሚያድሩት ልጄ። እሑድ ሽማግሌዎች ለፈረንጁ አቤት ሊሉ ነው፤ እኔም አለሁበት። ቃል የሚያደርስልን ነው ያጣነው። አንተ የእሱንም አፍ የእኛንም አፍ ታውቃለህ።»

«አደርሳለሁ፣ አያ አለነ» አልሁ። ስናገር ከልቤ ነበር። ይህን ስገለብጥ የጨመርሁት ለራሴ ማስተባበያ ብዬ አይደለም፤ ሰው ከልቡ ተናግሮም እንደሚክድ ስለማውቅ ነው።

ቅዳሜ፤ ከዳንግላ በአዲስ ቅዳም ወደ እንጅባራ

ረፋድ ላይ ሱሪው ደረሰ። ለብሼ ኮርቻው ላይ ወጣሁ፣ ወረድሁ፣ ቁጢጥ አልሁ፣ ሜትሩን ሰነዘርሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ስለብስ የኖርሁት የሌላ ሰው ልብስ ነበር ማለት ነው። ብር ሳወጣ አያ አለነ እጄን ዘጉት።

«ዋጋዬን እሑድ ከአፍህ እቀበላለሁ» አሉ።

አዲስ ቅዳም የገበያ ቀን ነው። ከሰል የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውት ስዩም መኪናውን አጥፍቶ ጠበቀ። ሱሪዬን አይቶ «አሁን ፈረስ ብቻ ነው የቀረህ» ሲል ቀለደብኝ። እኔ ለነገ የምናገረውን በእንግሊዝኛ በልቤ እያጠናሁ ነበር። አጭር፣ ጨዋ፣ የማያስቆጣ ንግግር አሳምሬ አሰናዳሁ።

እሑድ፤ እንጅባራ

ጠዋት ጭጋጉ ሲገለጥ ጀመርን። የመጀመሪያዋን ኳስ ስመታ ጉልበቴ ታጠፈ፣ ወገቤ ዞረ፣ የትም የያዘኝ ነገር የለም። ኳሷ ሄዳ ሄዳ ከባንዲራው አጠገብ ወደቀች። መሐንዲሱ አፏጨ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አዲስ አበባ ከዚህ የሚበልጥ ሜዳ አለ፤ ታየዋለህ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ደረቴ እስኪነፋ ደስ አለኝ።

ሦስተኛው ባንዲራ ጋ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰባት ናቸው፤ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ አኑረው ከፊታችን ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አያ አለነ ከዳር ናቸው። ትልቁ ሽማግሌ በአገውኛ ተናገሩ።

«ጌታዬ፣ መስኩን አንነፍግህም። ኳስህን ምታ። ሽቦ ግን አትጠርብን። በሥራ ቀን ፈረሶቻችን ይጋጡበት፤ እሑድ ላንተ እንሰበስባቸዋለን። ለሙሽራም ለለቅሶም የምንወጣው በፈረስ ነው። ፈረስ ከሌለን ወጥተን የምንታይበት የለንም።»

ከዚህ ያነሰ ልመና ሰምቼ አላውቅም።

«ምን ይላሉ?» አለ መሐንዲሱ። ሰዓቱን አየ።

ባለፈው ወር አንድ ጸሐፊ እሑድ ቀን የሠራተኞች አቤቱታ ይዞለት መጥቶ ነበር። «ስድስት ቀን ስሰማ እውላለሁ፤ እሑዴን ተዉልኝ» አለውና ያ ጸሐፊ ዳግመኛ አልተጠራም። ይህ ትዝ አለኝ። ያጠናሁት ንግግር ከነጨዋነቱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። አያ አለነ አፍ አፌን ያያሉ።

«ጨዋታውን ሊያዩ መጥተው ነው» አልሁ። «መልካም ዕድል ይመኙልዎታል።»

ፊቱ በራ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው፣ ክንዱንም ወደ መስኩ ሁሉ ዘረጋ። የፈለጋችሁበት ሁናችሁ ተመልከቱ ማለቱ ነበር።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ለአቤት ባይ ራሱን ገልጦ እጁን ከዘረጋ ልመናው ተሰምቷል። ሰባቱም ብድግ አሉ። መሬት ሳሙ። ፈረንጁን መረቁት፤ ከእሱም አብልጠው እኔን መረቁኝ። የእናቴን ስም ጠርተው መረቁኝ። አፌን ከፍቼ «አይደለም፣ አልነገርሁላችሁም» ማለት እችል ነበር። ያኔም ጊዜ ነበረኝ።

አያ አለነ ሲሄዱ ወደ እኔ ቀረቡ። ጎንበስ ብለው ጭኔ ላይ ጨርቁን በሁለት ጣት ያዝ አደረጉት።

«ሱሪው እንዴት ሁኖልሃል? የሚይዝህ ቦታ አለ?»

«የለም፣ አያ አለነ። የትም አይይዘኝም።»

«በላይህ ይለቅ» አሉኝ፤ አዲስ ልብስ ለለበሰ ሰው የሚባለውን ምርቃት።

ሰኞ፤ መልስ

በማለዳ ተነሣን። ፈረሶቹ መንገድ ላይ የሉም፤ ባለቤቶቻቸው ገና ሳይነጋ ወደ መስኩ ነድተዋቸዋል። ሠራተኞች የሽቦውን ጥቅል ከመጋዘን እያንከባለሉ ያወጣሉ፤ ዘበኞቹ ዱላ ይዘው ወደ ፈረሶቹ ይወርዳሉ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያውለበለቡ በዘበኞቹ ላይ ይጮኻሉ፤ ምን እንደሚሉ ከመኪናው ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። «ፈቅዶልናል! ልጃችንን ጠይቁት!» ይላሉ።

«ምን እያሉ ነው?» አለኝ ስዩም።

«እንጃ።»

ስዩም ወደ ደብረ ማርቆስ ነዳ። ከሳምንት በኋላ ተመርጬ አዲስ አበባ ገባሁ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። እሑድ እሑድ እጫወታለሁ፤ የምለብሰው ያንኑ ነው። ሌላ ለማሰፋት ሞክሬያለሁ፤ አንዱ ጉልበት ላይ ይይዛል፣ አንዱ ሆድ ይቆርጣል። ያ ግን አልተቀደደም፣ አላጠረም፣ ስፌቱ አልላላም። በላይህ ይለቅ ብለውኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ አላለቀም።